የፕሮፌሰር ጌዎርግ ሪችማን ሕይወትና የመጨረሻው ሙከራ

በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ውስጥ፤ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ፤ ቫን ደ ግራፍ የሚባል የኤሌክትሪክ ሙል የሚያመነጭ መሣሪያ አለ። ከላይ እንደ ዱባ የከበበ የብረት ራስ አለው፤ ከሥሩም ትንሽ ሞተር የጎማ ቀበቶውን ያዞራል። መምህራችን ይህን መሣሪያ ከመክፈታቸው በፊት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይነግሩናል። አንደኛው፤ መሣሪያው ቢጠፋም እንኳ እጀታው ኮረንቲ በማያስተላልፍ፤ ሽቦውም ወደ መሬት በሚወርድ ዘንግ ሳይነካ ማንም እንዳይቀርበው ነው። ሁለተኛው፤ በሚሠራበት ጊዜ አንድ እጅ ወደ ኋላ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው፤ ማንም ብቻውን እንዳይሠራበት ነው። እኔም እውነቱን ለመናገር ይህን ትእዛዝ እንደ ሽማግሌ ጭንቀት እቆጥረው ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን አንድ ቀን ሞተሩ ቆሞ፤ ድምፁም ጠፍቶ ሳለ፤ ነገሩ አልቋል ብዬ በአጠገቡ የቆመውን የላይደን ጠርሙስ ለማንሣት ጫፉን ያዝሁት። ኮረንቲው ክንዴን ከጣቴ እስከ ትከሻዬ መታኝ፤ ወንበሩንም ይዤ ወደቅሁ። መምህራችን አልተቆጡኝም። ይልቁንም በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሥራ ሰጡኝ፤ ይኸውም ሪችማን የሚባለውን ሰው ታሪክ አንብቤ ለክፍሉ እንድናገር ነው። እነሆ በዚያን ጊዜ ያዘጋጀሁትን አስፋፍቼ ለመጽሔታችን አንባቢዎች አቅርቤዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የተሰጠ ሲኖር በስፍራው ይነገራል።

ጌዎርግ ቪልሄልም ሪችማን በ1711 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በፔርናው ከተማ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ ፓርኑ ተብላ በኤስቶኒያ ውስጥ ትገኛለች። ያን ጊዜ አገሩ የጦርነትና የቸነፈር አገር ነበረ። ስዊድኖችና ሩሲያኖች ሲዋጉባት ቆይተው ከተማዋ በ1710 በሩሲያ ታላቁ ጴጥሮስ ጦር እጅ ገብታ ነበር። የሪችማን አባት ልጁ ሳይወለድ በቸነፈሩ ሞተ። ስለዚህ ሪችማን አባቱን ሳያይ ያደገ ሰው ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ፤ በመጨረሻው ላይ እመለስበታለሁና።

ትምህርቱን በመጀመሪያ በሬቫል ከተማ፤ ማለት ዛሬ ታሊን በምትባለው፤ ከዚያም በጀርመን አገር በሃሌና በዬና ዩኒቨርሲቲዎች ተማረ። ቋንቋው ጀርመንኛ ነበረ። ዳሩ ግን እንጀራውን ያገኘው በሩሲያ ነው። ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ኦስተርማን የተባለው ትልቅ የመንግሥት ሹም ልጆች አስተማሪ ሆነ። በ1735 በሳይንስ አካዳሚው ተማሪ ሆኖ ገባ፤ የፊዚክስ መምህሩም ክራፍት የተባለው ፕሮፌሰር ነበረ። በ1741 ፕሮፌሰርነት ተሰጠው፤ ክራፍትም በ1744 ወደ ጀርመን አገር ሲመለስ የአካዳሚው የፊዚክስ መሣሪያዎች ሁሉ በሪችማን ኃላፊነት ሥር ሆኑ። እንግዲህ ይህ ሰው ነገሩን ሳያውቅ የደፈረ ተራ ሰው አልነበረም። በአገሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ስለ መሣሪያ አያያዝ የበለጠ ያውቃል ተብሎ የታመነ ሰው ነበረ።

ከሁሉ አስቀድሞ የደከመበት ሥራ የሙቀት ጥናት ነው። በክፍላችን ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ቀላቅለን ሙቀቱን ስናሰላ የምንጠቀምበት ስሌት የእርሱ ነው፤ ይህን እስካነብ ድረስ እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ኪሎ ውሃ በ20 ዲግሪ፤ ሁለት ኪሎ ውሃ ደግሞ በ80 ዲግሪ ቢሆንና ብንቀላቅላቸው፤ የእያንዳንዱን ክብደት በሙቀቱ አባዝተን፤ ደምረን፤ ለጠቅላላው ክብደት ስናካፍል 60 ዲግሪ ይሆናል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ግን በትክክል አላገኙትም ነበር። ሪችማን ያገኘው ዕቃው ራሱ ሙቀት እንደሚወስድ፤ አየሩም እንደሚያቀዘቅዝ እያሰበ፤ ሙከራውን ደጋግሞ በመለካት ነው። በተጨማሪም ውሃ ሲተን ስለሚሆነው መቀዝቀዝና ስለ ቴርሞሜትር አሠራር ብዙ ጽፏል። ጽሑፎቹ ሁሉ የሚያሳዩት አንድ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ቍጥር ሳይዝ የማይናገር፤ ያልተለካውን ነገር የማያምን ሰው መሆኑን ነው።

ይህ ጠባዩ ወደ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ታላቅ ነገር ሠራ። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ እንደ ጨዋታ የሚታይ ነገር ነበረ። በየቤተ መንግሥቱ የመስታወት ኳስ እየታሸ ብልጭታ ይወጣል፤ መኳንንቱም እየተሳሳቁ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ኃይሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ግን ማንም በቍጥር አይናገርም ነበር። ሪችማን በ1745 ይህን ለመለካት አንድ መሣሪያ ሠራ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጋር የተልባ እግር ክር ተንጠልጥሏል። ዘንጉ ሙል ሲያገኝ ክሩም ያንኑ ዓይነት ሙል ያገኛል፤ ተመሳሳይ ሙሎችም ስለሚገፋፉ ክሩ ከዘንጉ እየራቀ ወደ ጎን ይነሣል። በአጠገቡም በዲግሪ የተከፈለ የክብ ሩብ አለ፤ ክሩ ስንት ዲግሪ እንደ ተነሣ በእርሱ ላይ ይነበባል። ኤሌክትሪክን በቍጥር ለመለካት ከተሠሩት መሣሪያዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

በዚያው ወራት ገደማ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ሙሸንብሩክ የተባለው ፕሮፌሰር ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ኤሌክትሪክን ማጠራቀም እንደሚቻል በ1746 ለፓሪስ ሊቃውንት ጻፈ። እርሱ ራሱ ጠርሙሱን ይዞ በነካው ጊዜ ሰውነቱ ሁሉ ስለ ተናወጠ፤ የፈረንሳይ መንግሥት በሙሉ ቢሰጠው እንኳ ሁለተኛ እንደማይሞክረው ገልጿል። በአሜሪካም ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1750 የገና ሰሞን በሁለት ትልልቅ ጠርሙሶች ኤሌክትሪክ ቱርክ የተባለችውን ትልቅ የዶሮ ዓይነት ለመግደል ሲዘጋጅ፤ ተሳስቶ በራሱ ላይ አዞረውና ለጥቂት ጊዜ ራሱን ሳተ። እንግዲህ በትልልቆቹ ሊቃውንት መካከል ሳይመታ የቀረ የለም ለማለት ይቻላል። እኔም በወንበሩ ላይ የወደቅሁ ዕለት ብቻዬን እንዳልሆንሁ ሳውቅ ጥቂት ተጽናናሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመብረቅ ነገር ነው። ፍራንክሊን መብረቅና የመሣሪያው ብልጭታ አንድ ነገር መሆናቸውን ለማረጋገጥ፤ ሹል የብረት ዘንግ በከፍታ ላይ አቁሞ ከደመናው ሙል መቀበል ይቻላል የሚል አሳብ አቀረበ። በግንቦት 1752 በፓሪስ አጠገብ በማርሊ መንደር ይህ ተሞክሮ ከዘንጉ ብልጭታ ወጣ። ወሬው በጋዜጣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሲደርስ ሪችማንና ወዳጁ ሚካኤል ሎሞኖሶቭ በዚያው ክረምት በየቤታቸው የነጐድጓድ መኪና ብለው የሰየሙትን መሣሪያ አቆሙ። ሎሞኖሶቭ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኖ በሩሲያ ትልቁ ሊቅ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው፤ የእርሱ ታሪክ ለብቻው አንድ መጽሔት ይሞላል።

የሪችማን መሣሪያ እንደሚከተለው ነበረ። በቤቱ ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ ተተክሏል፤ ዘንጉ ግን ጣሪያውን እንዳይነካ ሥሩ በተሰበረ ጠርሙስ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። ከዘንጉ የሚወርደው ሽቦ ከግድግዳው ተለይቶ በቤቱ ውስጥ እስከ መተላለፊያው ድረስ ይመጣል። በመጨረሻውም ከዚያ ክር ካለበት መለኪያ ጋር ይገናኛል፤ የመለኪያውም ዘንግ የናስ ፍቅፋቂ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ከጣሪያው ጫፍ እስከ መለኪያው ድረስ ይህ ብረት ሁሉ አንድም ቦታ ላይ ከመሬት ጋር አይገናኝም። ይህም በቸልተኝነት የሆነ አይደለም። ሙሉ ወደ መሬት ከፈሰሰ ክሩ አይነሣም፤ ክሩ ካልተነሣም የሚለካ ነገር የለም። የመለኪያው መልካምነትና የመለኪያው አደገኛነት አንድ ነገር ነበሩ።

ቀኑ እንደ ሩሲያኖች የቀድሞ አቆጣጠር ሐምሌ 26 ቀን 1753 ነበረ፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2 ቀን 1745 ዓ.ም. ነው። ሪችማን ያን ዕለት በአካዳሚው ስብሰባ ላይ ነበረ። በመስከረም ወር በሕዝብ ፊት ስለ ኤሌክትሪክ ንግግር እንዲያደርግ ታዝዞ ስለ ነበር አሳቡ ሁሉ በዚያ ነበረ። ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነጐድጓድ ከሩቅ ሲሰማ ከስብሰባው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ፈጥኖ ሄደ፤ ቤቱም በቫሲሊየቭስኪ ደሴት ላይ ነበረ። ለብቻውም አልሄደም፤ ሶኮሎቭ የተባለውን የአካዳሚውን ሥዕል ቀራጭ ይዞት ሄደ። ሶኮሎቭ መሣሪያውን በዓይኑ አይቶ ለሚታተመው ንግግር ሥዕሉን እንዲቀርጽ ነበር።

ሁለቱ በመተላለፊያው ውስጥ ቆሙ። ሪችማን መለኪያውን ተመለከተ፤ ክሩ አራት ዲግሪ ብቻ ተነሥቶ ነበር። ነጐድጓዱ ገና ሩቅ ስለ ሆነ አሁን የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ፤ ነገር ግን ክሩ ወደ 45 ዲግሪ ቢደርስ አደገኛ እንደሚሆን ለሶኮሎቭ አስረዳው። ከዚያም በደንብ ለማንበብ ወደ መለኪያው ጎንበስ አለ፤ በግንባሩና በዘንጉ መካከል የቀረው አንድ ጫማ፤ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። በዚያች ቅጽበት የጡጫ ያህል የሆነ ነጣ ያለ ሰማያዊ እሳት ከዘንጉ ወጥቶ ግንባሩን መታው። ድምፅም አልነበረውም፤ ወደ ኋላው በነበረው ሣጥን ላይ ወደቀ። ወዲያውም እንደ ጠመንጃ ተኩስ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሶኮሎቭም ደንዝዞ ወደ መሬት ወደቀ፤ የተበጣጠሰውም ሽቦ በልብሱ ላይ የቃጠሎ ምልክት አወጣበት። የበሩ መቃን ተሰነጠቀ፤ ሳንቃውም ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። የሪችማን ባለቤት ደርሳ ስታየው ነገሩ አልፎ ነበር። ደም ለማፍሰስ ሥሩን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ሊመልሱለትም ሞከሩ፤ አልሆነም። በግንባሩ ላይ ቀይ ነጥብ፤ በግራ እግሩ ላይ ሰማያዊ ምልክት ተገኘ፤ የግራ ጫማውም ተቀድዶ ነበር፤ ሹራቡ ግን አልተቃጠለም። ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ።

ይህን ለክፍሉ በተናገርሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ ክሩ አራት ዲግሪ ብቻ ካሳየ ይህ ሁሉ ኃይል ከየት መጣ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እኔም ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ክሩ የሚያሳየው በዚያች ደቂቃ በዘንጉ ላይ ያለውን ሙል ነው እንጂ የሚመጣውን አይደለም። መብረቅ ሲወድቅ ሙሉ የሚወጣው ከሺሕኛው ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ክር ግን ክብደት ያለው ነገር ስለ ሆነ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ክሩ 45 ዲግሪ እስኪደርስ እጠብቃለሁ ማለት ውሃ ሙላቱ ከመጣ በኋላ ወንዙን ለመሻገር እንደ ማሰብ ነው። ሪችማን በቍጥር የሚያምን ሰው ነበረ፤ ቍጥሩም አልዋሸውም፤ የነገረው ግን ያለፈውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። ደረቅ አየር በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ሲሆን ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ወደ 30 ሺሕ ቮልት ካልደረሰ ብልጭታ አያሳልፍም። ለ30 ሳንቲ ሜትር በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠር ቮልት ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ ውስጥ በተሠራ መሣሪያ ይህ ርቀት በቂ በሆነ ነበር፤ ለሰማይ ግን ምንም አይደለም። መለኪያውም እንዲነበብ ሆኖ የተሠራው በቅርብ ነው፤ ማለት አደጋውን ለማወቅ ወደ አደጋው ጎንበስ ማለት ግድ ነበረ። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝና ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ሦስተኛውም መውጫ መንገድ ነው። ሙሉ ወደ መሬት መሄድ ይፈልጋል፤ መንገድ ካልተሰጠው ራሱ ይመርጣል፤ በዚያን ዕለት በመተላለፊያው ውስጥ ከዘንጉ ወደ መሬት ከሁሉ የቀረበው መንገድ የሪችማን ራስና የግራ እግሩ ነበሩ። ወደ መሬት የሚወርድ ሌላ ሽቦ ዘንጉን ሳይነካ፤ ነገር ግን ከሰው ራስ ይልቅ ቀርቦ ቢቆም ኖሮ፤ ክሩም ይነሣ ነበር፤ ብልጭታውም ወደ ሽቦው ይዘል ነበር። ይህ ደግሞ የኋላ ዘመን ሰው ብልጠት አይደለም። ፍራንክሊን ሙከራውን ባሳሰበበት ጽሑፍ ውስጥ የሚፈራ ሰው ቢኖር፤ ከመሬት ጋር የተገናኘ የሽቦ ቀለበት በሰም እጀታ ይዞ ወደ ዘንጉ ያቅርብ፤ ብልጭታውም በሽቦው ይሄዳል እንጂ ሰውዬውን አይነካም የሚል ምክር ሰጥቶ ነበር። ይህም በ1751 በለንደን ታትሟል። ሪችማን ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

መምህራችን ዛሬ በዓለም የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የወጣውን የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ደንብ በጥቂቱ አስረድተውኛል፤ ቍጥሩም 61010 ነው። ደንቡ በመደበኛ አሠራር ጊዜ ሰው ሊነካው በሚችል ክፍል ላይ ከ30 ቮልት ተለዋዋጭ ወይም ከ60 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ በላይ ካለ፤ ሊፈስ የሚችለው ኮረንቲም ከተወሰነው መጠን በላይ ከሆነ፤ ያ ክፍል አደገኛ ነው ይላል። ሙል ለሚያጠራቅሙ ነገሮች ደግሞ እስከ 15 ሺሕ ቮልት ድረስ የ45 ማይክሮ ኩሎም ወሰን አለ። ይህን ሳነብ የኛን ጠርሙስ አሰላሁት። የአንድ ናኖ ፋራድ ጠርሙስ በ15 ሺሕ ቮልት ቢሞላ 15 ማይክሮ ኩሎም ይይዛል፤ አንዱ ክንድን ይመታል፤ ሦስቱ ቢያያዙ ወሰኑ ላይ ይደርሳል፤ አራቱ ያልፉታል። እኔን የመታኝ አንዱ ብቻ ነበረ። ከዚህም ሌላ ከአደገኛው መውጫ ጋር የሚገናኙት ሽቦዎች ጫፋቸው በጣት እንዳይነካ ሆነው የተሸፈኑ መሆናቸውን፤ በመሣሪያውም ላይ የመብረቅ ምልክት ያለበት ሦስት ማዕዘን መለጠፉን አስተዋልሁ። ቀድሞ እነዚህን ሁሉ አይቼ አላየኋቸውም ነበር።

አሁን ከአንዳንድ ጸሐፊዎች ጋር የማልስማማበትን ነገር ልናገር። የሪችማን አሟሟት በኤውሮጳና በአሜሪካ ጋዜጦች ሁሉ ሲወራ፤ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1767 ባሳተመው የኤሌክትሪክ ታሪክ መጽሐፍ፤ እንዲህ ያለ ክቡር ሞት ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ተመራማሪ እንደማይገኝና የሚያስቀና እንደ ሆነ ጽፏል። እኔ ፕሪስትሊን ከታላላቆቹ አንዱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኦክስጅንን ካገኙት መካከል ነውና። ይህን አሳቡን ግን ልቀበለው አልቻልሁም። ሪችማን ለመሞት አልሄደም፤ አራት ዲግሪ ለማንበብ ነው የሄደው። በሙቀት ጥናት ያንን ያህል የተጠነቀቀ ሰው በኤሌክትሪክም ገና ብዙ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ሊናገር የተዘጋጀውን እንኳ ሳይናገር ቀረ። ደግሞም ሶኮሎቭን እናስበው። እርሱ ሥዕል ቀራጭ ነው፤ ስለ ክሩና ስለ ዲግሪው የሚያውቀው ያን ዕለት የተነገረውን ብቻ ነው፤ አደጋ የለም ሲባል አምኖ ቆመ። ጎንበስ ያለው እርሱ ቢሆን ኖሮ ፕሪስትሊ ምን ይጽፍ ነበር?

በአባቱም ቤት የሆነው በእርሱ ቤት ተደገመ። ሪችማን አባቱን ሳያይ እንዳደገ ቀድሜ ተናግሬአለሁ። እርሱም ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ሄደ፤ የመጀመሪያው ልጅ አምስት ዓመቱ ነበረ፤ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ግን ገና የስድስት ወር ያህል ነበረች።

በዚያች ሰዓት ሎሞኖሶቭም በቤቱ ውስጥ ያንኑ የመሰለ መሣሪያ አቁሞ ከዘንጉ የሚወጣውን ብልጭታ ይመለከት ነበር። ሚስቱ ምሳ ቀርቧል ብላ ጠራችው፤ ጥቂት ዘገየ፤ ብልጭታው ሲያቆም ወደ ማዕድ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቀመጥ የሪችማን አሽከር እያለቀሰና እያለከለከ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ጌታው በነጐድጓድ መመታቱንም ነገረው። ሎሞኖሶቭ ሮጦ ሄደ፤ ወዳጁን ሞቶ አገኘው። ምናልባት ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ ላይ መውደቁ የዕድል ነገር ነበረ።

ያኑ ዕለት ሎሞኖሶቭ እጁ እየተንቀጠቀጠ ለሹቫሎቭ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሹቫሎቭም በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘንድ የተወደደ ሹም ነበረ። በደብዳቤው የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ ቀዩን ነጥብና የተቀደደውን ጫማ ሳይቀር። ለመበለቲቱ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ጡረታ እንዲሰጣት፤ ትንሹ ልጅም ተምሮ እንደ አባቱ ሳይንስን የሚወድ እንዲሆን ለመነ። ከዚህም ጋር አንድ ፍርሃቱን ገለጠ፤ ይኸውም ሰዎች ይህን አደጋ ምክንያት አድርገው በትምህርት ላይ እንዳይነሡ ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ አካዳሚው በመስከረም ሊያደርገው ያሰበውን የሕዝብ ስብሰባ ሰረዘ። ሎሞኖሶቭ ግን ዝም አላለም፤ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በመጨረሻም ስብሰባው ኅዳር 26 ቀን 1753 ተደረገ። ሁለት ሆነው ሊናገሩበት ታስቦ በነበረው ጉባኤ ላይ ሎሞኖሶቭ ብቻውን ቆሞ በአየር ውስጥ ከኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሆኑት ነገሮች ንግግሩን አነበበ። በንግግሩም መብረቅን ከሕንፃዎች ርቆ በቆመ፤ ወደ መሬትም በሚወርድ የብረት ዘንግ መቀበል እንደሚቻል ለተሰበሰበው ሕዝብ አስረዳ።